ከጠመኔው ክብ ውጭ የቆሙት

የሰው ልጅ ስለ ፍርድ ማሰብ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ደጋግሞ ከተረካቸው ታሪኮች አንዱ ሁለት ሴቶች በአንድ ሕፃን የተሟገቱበት ታሪክ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ንጉሥ ሰሎሞን ሰይፍ አስመጥቶ ሕፃኑ ለሁለት ይከፈል ባለ ጊዜ፣ እውነተኛይቱ እናት ልጁን ለባላጋራዋ ለቃ ሕይወቱን አተረፈች። በቻይና በዩዋን ሥርወ መንግሥት ዘመን በተጻፈ ተውኔት ደግሞ ዳኛው በሰይፍ ፈንታ በጠመኔ ክብ አሰምሮ፣ ሕፃኑን ከመካከል አቁሞ፣ ሁለቱን ሴቶች ከግራና ከቀኝ እንዲስቡት አዘዘ፤ ልጄ ይጎዳብኛል ብላ የለቀቀችው እናት ሆና ተገኘች። ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ቤርቶልት ብሬኽት እ.ኤ.አ. በ1944 በስደት ላይ ሳለ ይህንኑ ክብ ወደ ካውካሰስ ወስዶ ፍርዱን ገለበጠው። በእርሱ ተውኔት ልጁን ሳትጎትት የለቀቀችው የወለደችው ሳትሆን ያሳደገችው አገልጋይ ናት፤ ልጁም ለእርሷ ተፈረደ።

ሦስቱ ታሪኮች «እናት ማን ናት?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጡት መልስ አንድ አይደለም። የማይለያዩበት ነገር ግን አለ፤ ይኸውም የተሟጋቾቹ ቍጥር ነው። ሁልጊዜ ሁለት ናቸው። ሕፃን ያለው ሁለት እጅ ብቻ ስለ ሆነ ይመስላል፣ ክቡም የተሰመረው ለሁለት ሳቢዎች ብቻ ነው። በሰሎሞን ፊት የቆሙት ሴቶችማ ከሁለታቸው በቀር በቤታቸው ውስጥ ሌላ ሰው እንዳልነበረ በገዛ አንደበታቸው መስክረዋል። እንግዲህ ያ ፍርድ ለዚያ ቤት ልክ ነበር። የእኛ ቤት ግን እንዲያ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ባልና ሚስት ተፋትተው ፍርድ ቤት «ልጁ ከእናቱ ዘንድ ይደግ፤ አባቱ በዚህ ቀን እየወሰደ ይጠይቀው» ብሎ ሲወስን፣ በክርክሩ ውስጥ ባልተሰለፉት በአያት፣ በአክስት፣ በአጎት፣ በሌላ ወገን በተወለደ ወንድምና እኅት ላይ ምን ይደርሳል? የሚደርስባቸውስ ነገር ፍትሕ ሊጠይቀው የሚገባ ነውን? ወይስ ዕድላቸው ነው ተብሎ የሚታለፍ?

በሕግ ዘንድ ፍርድ የሚያስረው የተከራከሩትን ሰዎች ነው ይባላል። ሁለት ሰዎች በአንድ ብድር ቢካሰሱ ፍርዱ ለጎረቤት ምኑም አይደለም። ስለ ልጅ አስተዳደግ በሚሰጥ ውሳኔ ግን ይህ አባባል ልክ የሚሆነው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። ልጅ ብድር አይደለም። ያው አንዱ ሕፃን ለአንዱ ልጅ፣ ለሌላው የልጅ ልጅ፣ ለሦስተኛው የእኅት ልጅ፣ ለአራተኛው ታናሽ ወንድም ነው። ስለዚህ ልጁ የሚያድርበትን ቤት የሚወስን ቃል፣ ቢፈልግም ባይፈልግም፣ ስማቸውን ሳይጠራ በእነዚህ ሁሉ ላይ ይፈርዳል። ሳይጠሩ የሚፈረድባቸው ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

ሕጋችን ምን ይላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 681 የልጆች አጠባበቅ የልጆቹን ጥቅም ብቻ በመመልከት እንዲወሰን አዝዞ፣ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ልጆች እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ድረስ ለእናታቸው እንዲሰጡ ይደነግግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የአምስቱን ዓመት መስፈሪያ ትቶ፣ የተጋቢዎቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እንዲያመዛዝን ለዳኛው ሥልጣን ሰጠ። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 113 መሠረት ልጁን ማን እንደሚያሳድግ፣ ትምህርቱ፣ ጤናውና ቀለቡ፣ እንዲሁም ወላጆችና ልጆች የሚጠያየቁበት ሁኔታ ከፍቺው ጋር አብሮ ይወሰናል። መልካም ድንጋጌ ነው። ነገር ግን የሚናገረው ስለ ሦስት ሰዎች ነው፤ ስለ አባት፣ ስለ እናትና ስለ ልጅ።

ከዚህ ተነሥቶ ሕጉ አያትን አያውቃትም ማለት ስሕተት ይሆናል። በሚገባ ያውቃታል። ወደ ላይና ወደ ታች በሚቆጠሩ ዘመዶች መካከል፣ በወንድማማችና በእኅትማማች መካከልም፣ የተቸገረውን የመቀለብ ግዴታ አለ። አባትና እናት በሌሉ ጊዜ ደግሞ ሕጉ ለሕፃኑ አሳዳሪና ሞግዚት ሲፈልግ በቅደም ተከተል ወደ አያቶች፣ አካለ መጠን ወደ ደረሱ ወንድምና እኅት፣ ወደ አጎትና ወደ አክስት ይሄዳል። እንግዲህ ሕጉ ረኀብ ሲመጣ አያትን ያስታውሳታል፤ ሞት ሲመጣ ይጠራታል፤ ሁለቱ ወላጆች በሕይወት ቆመው ሲለያዩ ግን ዝም ይላል። ግዴታ ሲኖር ዘመድ ናት፤ ፍቺ ሲኖር ታዛቢ ናት። ከሕጉ አንቀጾች በአንዱ ብቻ ክፋት አለ ማለታችን አይደለም። ሁሉም ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ሚዛኑ ያዘነብላል፤ ሸክሙን እንድትሸከም የምትጠራ ሰው በምታጣበት ቀን አትጠራምና።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝን የሚያደርገው የስማችን ሥርዓት ነው። እኛ የቤተሰብ መጠሪያ የለንም። ልጅ በስሙ፣ በአባቱ ስምና በአያቱ ስም ይጠራል። በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በክትባት ካርድ፣ በፍርድ ቤት ውሳኔ ላይም የሚጻፈው ስም በአያት ስም ይዘጋል። አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጁን ዕጣ የወሰነውን ወረቀት ቢያነብ የራሱን ስም ከልጁ ስም ጋር ያገኘዋል። ስሙ አለ፤ እርሱ ግን የለም።

አሁን ይህ ዝምታ በኑሮ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በተለመደው ውሳኔ አባት ለምሳሌ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ልጁን ይወስዳል። የአባት እናት ልጁን የምታየው በዚህ ሰዓት ውስጥ፣ አባትየው ሲፈቅድና ሲመቸው ነው። የእርሷ ጊዜ የራሱ እግር የለውም፤ በልጇ እግር ይሄዳል። አባትየው ሌላ አገር ቢሄድ፣ ቢታሰር፣ ቢሞት፣ ወይም አዲስ ትዳር መሥርቶ ቢሰለች ቅዳሜው ከእርሱ ጋር ይቀራል። ልጇን በሞት ያጣች እናት በዚያው ሳምንት የልጅ ልጇንም ልታጣ ትችላለች። አንደኛውን ሐዘን አገር መጥቶ ያስተዛዝናታል፤ ለሁለተኛው ግን ድንኳን አይተከልም። ዓውደ ዓመትም ቢሆን የቅዳሜን ቀጠሮ አይጠብቅም። ቡሄ ሲመጣ ሙልሙል ጋግራ የምትጠብቅ፣ እንቍጣጣሽ ሲመጣ ለልጁ የሚሆን ሳንቲም በመቀነቷ ቋጥራ ደጅ ደጁን የምታይ አያት፣ ቀኑ ማክሰኞ ላይ ከዋለ በውሳኔው ቋንቋ የምትጠብቀው ነገር የላትም።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ልጁን ያጣ ሳይሆን ሸክሙን የተቀበለ ነው። «ልጁ ከእናቱ ዘንድ ይደግ» የሚለው ቃል በብዙ ቤት ሲተረጐም «ከእናቱ እናት ዘንድ ይደግ» ማለት ነው። የተፋታችው ሴት ወደ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች፤ እርሷ ለሥራ ስትወጣ ልጁን የምታጥበው፣ የምታበላው፣ ከትምህርት ቤት የምታመጣው አያቱ ናት፤ አንዳንድ ጊዜም ከትምህርቷ የቀረች አክስቱ ናት። እናትየው ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ ለቤት ሠራተኝነት ከሄደች ደግሞ አሳዳጊነቱ ጠቅልሎ ወደ አያት ይዞራል። ሆኖም በወረቀቱ ላይ ስሟ የለም። ገቢዋ፣ ጤንነቷ፣ ዕድሜዋ በሚዛኑ ላይ አልወጣም፤ ትችያለሽን ብሎ የጠየቃት የለም። ትምህርት ቤቱ «ወላጅ ይምጣ» ሲል የምትሄደው እርሷ ናት፤ ወላጅ ናት ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ አይደለችም ነው። ከዓመታት በኋላ ልጁን የሚጠይቅ ወላጅ ቢመጣ፣ ያሳደገችበት ዘመን ሁሉ እንደ ጎረቤት ውለታ ሊቈጠርባት ይችላል።

ሊቈጠር ይችላል አልን እንጂ የግድ ይቈጠራል አላልንም። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የፈረደው አንድ ጉዳይ ለዚህ ምስክር ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ አሳድጋው ሳለ አባትየው ልጄ ይሰጠኝ ብሎ ከሰሰ። የሥር ፍርድ ቤቶች ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ሲሞት ሥልጣኑ ለሌላው ይሆናል የሚለውን ድንጋጌ ይዘው ለአባት ፈረዱ። ሰበር ሰሚው ችሎት ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃናት ጥቅም በቀደምትነት እንዲታይ ያዘዘውን፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት መሠረት አድርጎ ያንን ፍርድ ሻረው። ችሎቱ ብሬኽትን አንብቦ እንደ ሆነ አናውቅም፤ ሆኖም የደረሰበት ቦታ ያው የካውካሰሱ ክብ ነው። የልጁ ጥቅም ከወላጅነት ሥልጣን ቀደመ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ያቺ አክስት የተሰማችው ተከሳ የክርክሩ ወገን በመሆኗ ነው። ሁለት ወላጆች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ በውጭ የሚቆሙትን ማን ይሰማቸዋል?

በሥነ ሥርዓት ሕጋችን በር የለም ማለት አይቻልም። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነገሩ ይነካኛል የሚል ሰው በክርክር ጣልቃ እንዲገባ፣ በሌለበት የተሰጠ ፍርድ የጐዳው ሰውም መቃወሚያ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ግን በእነዚህ በሮች የሚያልፈው ጥቅም ያለው ሰው ነው። ጥቅም የሚለው ቃል ደግሞ ስለ ቤት፣ ስለ መሬት፣ ስለ ገንዘብ ሲሆን ፈጥኖ ይገባል፤ «ይህን ልጅ በየዓመት በዓሉ ካላየሁ እርጅናዬ ባዶ ነው» የምትል ሴት ጥቅሟን በየትኛው መስፈሪያ ሰፍራ ታቅርብ?

የቀድሞው ሥርዓት ይሻል ነበር የሚል ይኖር ይሆናል። የ1952ቱ ሕግ የፍቺን ጉዳይ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበርና፣ ዘመድ ከደጅ ሳይሆን ከሸንጎው ውስጥ ይቀመጥ ነበር። እውነት ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ጉዳይ ያጓትታሉ፣ ከሥልጣናቸው ያልፋሉ፣ ለሚያውቁት ያደላሉ እየተባሉ ይወቀሱ የነበረውም እውነት ነው። ዘመድ ሁሉ ለልጅ አይበጅም። ስንት ትዳር በዘመድ ምክር ፈርሷል! ከባሏ ዱላ ያመለጠች ሴት የባሏ እናት በየሳምንቱ ቤቷ እንድትመጣ ብትታዘዝ ያመለጠችበት ነገር ደጇን ያንኳኳባታል። እንግዲህ ዘመድን ሁሉ ወደ ክቡ አስገብተን ልጁን በአሥር እጅ እናስጐትት አንልም። እንዲያ ከሆነስ የሰሎሞን ሰይፍ ይሻለው ነበር።

ሌሎች አገሮችም በዚህ ጥያቄ ላይ ተቸግረዋል። የእኛ የቤተሰብ ሕግ በታወጀበት በ1992 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አያቶች የሟች ልጃቸውን ልጆች ለማየት ያቀረቡትን አቤቱታ መርምሮ ነበር። የዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ሕግ ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ ልጅ ልጠይቅ ብሎ እንዲያመለክት ይፈቅድ ነበርና፣ ፍርድ ቤቱ ይህ ልቅ ሥልጣን ብቁ የሆነችን እናት ልጆቿን የማሳደግ መብት ይጥሳል ሲል ለእናትየዋ ፈረደ። ፈረንሳይ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣችው ሕግ አባትና እናት ያለ ከባድ ምክንያት ልጁን ከአያቶቹ እንዳይለዩ ይከለክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሕጉ ሲሻሻል የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ተለወጠ፤ ልጁ ከአያቶቹ ጋር ግንኙነት የማድረግ መብት አለው ተባለ።

በቃል ለሚተዳደር ሰው ይህ የባለቤት መለወጥ ቀላል ነገር አይደለም። «አያት ልጁን የማየት መብት አላት» ስንል ልጁ ተሳቢ ነው፤ እንደ ዕቃ የሚታይ፣ የሚከፋፈል ይሆናል። «ልጁ አያቱን የማወቅ መብት አለው» ስንል ግን ልጁ ራሱ ባለቤት ሆኖ ይቆማል። ጥያቄው ያው ይመስላል፤ መልሱ ግን ይለያያል። አያትየው ልጁን የምትጐዳው ከሆነች የልጁ መብት ራሱ በሩን ይዘጋባታል። የምትበጀው ከሆነች ደግሞ የእናትና የአባት ጠብ ሊዘጋው አይገባም፤ የተጣሉት እነርሱ እንጂ ልጁ አይደለምና። የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጁ የቤተሰብ ግንኙነቱን የመጠበቅ መብት እንዳለው፣ እንደየአገሩ ልማድም የሰፊው ቤተሰብ ኀላፊነት መከበር እንዳለበት ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1990 የተደነገገው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ጨምሮ በልጁ ላይ ግዴታ ያኖራል፤ ወላጆቹንና ታላላቆቹን እንዲያከብር፣ ሲቸገሩም እንዲረዳቸው። ታዲያ አያቱን ሳያውቅ ያደገ ልጅ ይህን ግዴታ በማን ላይ ይፈጽመው? ያልተዘራውን ዘር ማጨድ እንዴት ይቻላል?

ስለዚህ የምንለው አንድ ነገር ነው። ልጅን ለማሳደግ መመረጥ ንብረትን መረከብ አይደለም፤ አደራ መቀበል ነው። አደራ የሚለውን ቃል ሕዝባችን አክብዶ ይዞታል፤ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል። አደራ ተቀባይ የተረከበውን ነገር የሚጠብቀው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ ተርታውን ሳያጎድል፣ ሳይቀንስ ይመልሳል። ልጅ ደግሞ የሚመለሰው ለማን ነው? ለራሱ ነው። አድጎ ራሱን በሚረከብበት ቀን «እነሆ አባትህ፣ እነሆ እናትህ፣ እነሆ አያትህ፣ እነሆ ወንድምህ» ብሎ ሙሉውን ሊያስረክበው የሚገባው ያሳደገው ሰው ነው። ከዘመዱ ግማሹን አጥፍቶ ልጁን ያስረከበ፣ ቢመግበውና ቢያስተምረውም፣ አደራውን አጉድሏል።

ከዳኛው የምንጠብቀው ብዙ አይደለም። ከመፍረዱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ «ይህን ልጅ እስከ ዛሬ በእጁ ያሳደገው ማን ማን ነው? ከነገ ጀምሮስ በእውነት የሚያሳድገው ማን ነው?» መልሱ አያት ከሆነች ትሰማ፤ አትችልም ከሆነም ይታወቅ። የመጠያየቂያው ቀን ሲጻፍ ዓውደ ዓመቱ፣ የክረምቱ ዕረፍት፣ የሌላው ወገን ቤተ ዘመድ አብሮ ይጻፍ። በአንድ ወላጅ የሚገናኙ ወንድማማቾች በሁለት ቤት ከተከፈሉ የሚገናኙበት ጊዜ ይወሰን። ወላጁ ቢሞት ወይም ከአገር ቢርቅ የልጁ መንገድ ወደዚያ ቤት አብሮ እንዳይዘጋ አስቀድሞ ይታሰብበት። ሁኔታ ሲለወጥ የልጅ ጉዳይ እንደገና ሊታይ ይችላልና፣ ይህ ሁሉ አዲስ አዋጅ ሳይጠብቅ ሊደረግ የሚችል ነው።

ይሁን እንጂ ዳኛ በየቤቱ ደጃፍ አይቆምም። ቅዳሜ ጠዋት ልጁን አልብሶ «ሂድ፣ አያትህን ሳምልኝ» ማለት ወይም «እነዚያን ሰዎች እንዳታነሣብኝ» ማለት ልጁ በእጁ ላለው ሰው የተተወ ምርጫ ነው። ከሁለተኛው ቃል የሚተርፈው ዝምታ ከውሳኔው ዕድሜ ይረዝማል፤ ልጁ አዋቂ ሆኖ፣ የልጅነት ወረቀቱ ዋጋ ካጣ በኋላም፣ የማይሄድበት መንደር፣ የማይቆምበት ልቅሶ፣ ለልጆቹ የማይነግረው ስም ሆኖ ይኖራል። ዘመዶችም በበኩላቸው መታወስ የሚገባቸው የተጣላውን ወገን ሳይወቅሱ፣ ልጁን ነገር ሳያመላልሱ ሲጠብቁ ነው። የጠመኔው ክብ ታሪክ ለዘመናት ያስተማረን የሚወድ ሰው እጁን እንደሚለቅ ነው። ልጁን ይዞ የቀረው ሰው ግን የሚፈተነው ከዚያ በኋላ ነው፤ የልጁን ሌላኛውን እጅ ለሌሎች ትቶለት እንደ ሆነ ይጠየቃል።